አንድ ሰው፣ አንድ ሽንብራ

«አንድ ሰው፣ አንድ ሽንብራ!» አለ ፎቶ አንሺው ክንዱ፣ ካሰች ገና ደፉን ሳታልፍ መዳፏ ላይ አንዲት ጥሬ ሽንብራ እያስቀመጠ። «ዐይንሽ የወደደው ላይ ጣይ፣ እታለም። እንዳትበያት ብቻ። ጠዋት አንድ እህል ነጋዴ ድምፁን ቆርጥሞብኝ ሄደ።»

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ገበያተኞች ሳቁ። ካሰች አልሳቀችም። የመጣችው ለመጣላት ነበር። ከጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል በምሳ ሰዓት ወጥታ፣ የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ እንኳ ሳትሰቅል በእጇ እንደያዘች ነው ዋናውን መንገድ ያቋረጠችው። ጎረቤቷ አቻምየለሽ ናት በካርዱ መስኮት ብቅ ብላ፣ «ልጅሽ ሃምሳ አለቃውን በሽንብራ እየደበደበችው ነው፤ መጥተሽ እይ እንጂ!» ያለቻት። አቻምየለሽ ደግሞ ዝም ብላ አልተመለሰችም፤ ከኋላዋ ተከትላ ገብታ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

ጠረጴዛው ላይ ሰባት ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ፊት አንዳንድ ስኒ አለ። ክንዱ ሙያውን አሥመራ ተምሮ መጥቶ ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ከከፈተ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አውቶቡሶቹ በሚቆሙበት በኩል፣ ከበሩ ጎን፣ አናጢ ያበጀለት የመስታወት ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ሳያየው አያልፍም። በሳጥኑ ውስጥ የምትገባው አንዲት ፎቶ ብቻ ናት። ያቺ ትልቅ ሆና ትታተማለች፣ ከንፈሯና ጉንጯ በቀለም ይነካል፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ እዚያ ትቀመጣለች። የትኛዋ ትሁን የሚለውን ክንዱ ራሱ አይወስንም። «እኔ ሁሉንም ያነሳሁ ነኝ፤ እናት ከልጆቿ ትመርጣለች?» ይላል። ስለዚህ የገባ ሁሉ ይፈርድለታል።

ጠመንጃውን ታቅፎ የተነሳው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ስኒ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ሽንብራ አለ። ወርቋን ሁሉ ያጠለቀችው የቡሬዋ ጠጅ ነጋዴ ዘጠኝ ወይ ዐሥር አግኝታለች። ኒሻን ያንጠለጠሉት ሽማግሌ ከዚያም ያንሳሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው ስኒ ግን ሞልታ ሽንብራው ጠረጴዛው ላይ ፈስሷል።

ከስኒዋ በላይ ያለችው ንግሥቴ ናት። ጸጉሯ አልተሸፈነም። ከጎን የተጠራች ይመስል ፊቷን መለስ አድርጋ፣ ልትስቅ ስትል ተይዛለች። ካሰች ልጇን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ከዚያ ፈጥና ወደ ክንዱ ዞረች።

«ለሚኒስትሪ ፈተና ፎርም አራት ትንንሽ ፎቶ ተነሺ ብዬ ነው የላክኋት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይቺን ማን አንሳ አለህ?»

«ፊልሙ ላይ አንድ ቀርቶ ነበር። 'ልጨምርልሽ?' አልኋት፣ 'እሺ' አለች። ምን ጥፋት አለው?»

«አንሳልኝ ከዚህ።»

«እታለም፣ ሰው እኮ ፈርዷል። አሁን ባነሳት ሃምሳ አለቃው ከፍሎኝ ነው ይሉኛል። ነገ ገበያው ሲበተን እንቆጥራለን፤ ያኔ የሆነው ይሁን።»

«ዓመት ሙሉ መንገደኛ ሁሉ ሲያያት ሊውል?»

«ይያት! ምኗ ጎደለ?»

ካሰች የሚጎድለውን ልትነግረው አልቻለችም። ንግሥቴ ታጭታለች። ያጯት የማንኩሳው ቄስ ገብረሰንበት ለልጃቸው ለዲያቆን ሃይለ ሚካኤል ነው። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በቁርባን ሊፈጸም ተቆርጧል። ዲያቆኑ ቅስና የሚቀበል ስለሆነ ሚስቱ ስሟ እንደ ነጠላ የነጣ መሆን አለበት። ነገሩን የጨረሰው ቡሬ ያለው የካሰች ወንድም ሀይሉ ነው። ቄሱም ቤተሰቡም ልጅቱን አላዩም፤ ካሰችንም አያውቋትም፤ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ብቻ ነው የሄደው የመጣው። ካሰች ነገሩን ለጎረቤት አልተናገረችም። ቢነገር ምቀኛ ይሰማል፣ ምቀኛ ከሰማ ይበላሻል ብላ በሁዳዴ ጾም ሙሉ አፏን ይዛ ከርማለች። ባሏ በንዳድ ከሞተ ጀምሮ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር፣ ሹፌር በሳቀ ቁጥር፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ሩብ ሰዓት በዘገየች ቁጥር፣ ካሰች አንድ ነገር ደረሰ ብላ ነው የምትነሳው። ንግሥቴ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ለሠርጉ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር የቀራት።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለገች። ሽንብራቸውን ይዘው ጠረጴዛውን የሚዞሩ አንድ ገበሬና ሚስቱ ነበሩ። አጠገባቸው ቆመች።

«ይቺ መቼም አንገቷ ጠማማ ነው» አለች፣ ለራሷ የምታወራ መስላ።

«የዞረች እኮ ናት» አለች የገበሬው ሚስት።

«ጥርሷንም ታሳያለች። ሰው ፊት ጥርሷን የምታሳይ ልጅ ምን ደስ ይላል?»

«ታዲያ ጥርስ ካልታየ ለምን ተሰጠ?» አለ ገበሬው። ሽንብራውን ንግሥቴ ስኒ ላይ ወረወረ። ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። «አንተ! የልጅ ልጅህን በምታክል ልጅ!» እሷ ግን የራሷን ሽንብራ ለሃምሳ አለቃው ጣለች፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቻምየለሽ ከበሩ ላይ ሆና ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ካሰች የገዛ ልጇን እያጣጣለች የምትቀልድ መስሏት ነበር።

በዚህ መሐል ነው ጥምጥማቸው ከበሩ ጉበን በላይ የደረሰ አንድ ረጅም ቄስ ጎንበስ ብለው የገቡት። ክንዱ ብድግ አለ።

«አባ ይፍቱኝ! የቤተ ክህነቱ ፎቶዎ ደርሷል። ከማንኩሳ በእግር ነው የመጡት?»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። በበቅሎ ነው፣ ልጄ፤ እግሬማ ፈረሰ።»

ሁሉም እየተጠጋ መስቀላቸውን ተሳለመ። ካሰችም ተሳለመች። ማንኩሳ የሚለውን ስትሰማ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ሌላ ቄስም ከማንኩሳ ይኖር ይሆናል ብላ ለራሷ ነገረች። ክንዱ ፖስታውን ከመሳቢያ አውጥቶ በላዩ የተጻፈውን አነበበ፤ «ቄስ ገብረሰንበት። አራት ፍሬ።»

«ሽንብራው ምንድን ነው? ፎቶ ቤቱን ጎተራ አደረግኸው?»

«ፍርድ ነው፣ አባ። ከእነዚህ ማን መስታወት ውስጥ ይግባ? እርስዎም አንዲት ይጣሉ።»

«ቄስ ደግሞ ዕጣ ይጥላል እንዴ!» አሉ። ግን መነጽራቸውን ከደረታቸው አወጡ። ጠረጴዛውን ከዳር ጀመሩ። ሃምሳ አለቃውን አይተው፣ «ይሄ ካሜራውን ሊያስር ነው የመጣው» አሉ። የቡሬዋን ነጋዴ አይተው፣ «ወርቁን ነው ወይስ እሷን ነው ያነሳኸው?» አሉት ክንዱን። ቤቱ ሁሉ እሳቸውን ይከተላል። ካሰች ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ወጥታ እንዳትሄድ አቻምየለሽ በሩን ተደግፋ መውጫውን ዘግታለች።

ቄሱ መጨረሻው ላይ ደረሱ። ፎቶዋን በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ብርሃኑ ወሰዷት።

«የማን ልጅ ናት ይቺ?»

ክንዱ አፉን ሊከፍት ሲል ካሰች ቀደመችው።

«የዚህ አገር ሰው አይደለችም፣ አባ። መንገደኛ ናት። ከአውቶቡስ ወርዳ ተነስታ የሄደች ናት።»

ክንዱ ዞሮ አያት።

«ታውቂያታለሽ?» አሏት ቄሱ።

«ከየት አውቃታለሁ! የመንገድ ሰው ማን ያውቃል?»

«የመንገድ ሰውም አትመስልም» አሉ ቄሱ። «ገጿ ንጹሕ ነው። የሚስቀው አፏ ብቻ አይደለም፤ ይኸው ዐይኗ ቀድሞታል።» ለሁሉም እንደሚነግሩ ሆነው ቀጠሉ። «እኔም እዚህ ከተማ ያላየኋት ምራት አለችኝ። ደኅና ልጅ ናት ብለውኛል። እንዲህ ያለ ፊት ይዛ ብትመጣልኝ ምን እላለሁ? ተመስገን ነው የምለው።»

ሽንብራቸውን ጣሉ። ስኒዋ ሞልታ ስለነበር ሽንብራዋ ተንከባልላ ጠረጴዛው ላይ ቆመች።

ያን ጊዜ «የኔ ናት» ብትል ይበቃ ነበር። ካሰችም ልትል ነበር። ቃሉ እስከ ከንፈሯ መጥቷል። ግን አሁን የተናገረችውን በምን ታጠፋዋለች? እንዴት ዋሸሽ ቢሏት? ይውጡ፣ በቅሏቸው ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ ፎቶዋን ለክንዱ ከፍዬም ቢሆን እወስዳታለሁ፤ ሠርጉ ዕለት ቢያውቋትም ይስቁ ይሆናል፤ እያለች አንዱን ባንዱ ላይ ስትደራርብ አቻምየለሽ ከበሩ ጮኸች።

«ኧረ ካሰች! ቀልድም ልክ አለው! አባ፣ አይስሟት፤ የገዛ ልጇ ናት እኮ! አምጣ የወለደቻት!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ቄሱ ፎቶዋን እንደያዙ ወደ ካሰች ዞሩ።

«ልጅዎ ናት?»

አሁን «አንቺ» ማለታቸውን ትተዋል። ካሰች የያዘችውን ቁልፍ ጨበጠች።

«ስሟ ማን ነው?» አሉ፤ ጥያቄው ለክንዱ ነበር።

«ንግሥቴ ናት፣ አባ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት።»

«የሀይሉ እኅት ልጅ? የቡሬው ሀይሉ?»

ክንዱ አላወቀም። አቻምየለሽ ግን «እንዴታ! አጎቷ ነው!» አለች በደስታ፤ ወዲያው የቄሱን ፊት አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

ቄስ ገብረሰንበት ፎቶዋን ወደ ቦታዋ መለሷት፤ ቀጥ ብላ እንድትቆም እንኳ ከስኒው ጋር አስጠጓት። ፖስታቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ።

«ፎቶው ላይ ምንም አላየሁበትም ነበር፣ ወይዘሮ ካሰች» አሉ በዝግታ። «ጸጉሯ ባይሸፈን ልጅ ናት። ግን ልጅን የምታውቅ እናት ናት። እናቷ አላውቃትም ያለቻትን ልጅ እኔ ምን ብዬ ቤቴ አስገባታለሁ?»

«አባ… ፈርቼ ነው…»

«ምኑን ፈሩ?»

የፈራችው እሳቸውን ነበር። ይህ እንዴት ይነገራል? ቄሱ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። በቅሎዋ ስትንቀሳቀስ ተሰማ።

ንግሥቴ ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ደብተሯን መደቡ ላይ አስቀምጣ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች።

«አውቶቡስ የጣላት አልሽኝ አሉ።»

«ለደኅንነትሽ ነው ያልሁት! ጸጉርሽን ገልጠሽ፣ ጥርስሽን ገልጠሽ…»

«እሳቸውኮ ወደውኝ ነበር፣ እማዬ። አቻምየለሽ ነገረችኝ። ምራቴ ብትሆን ተመስገን እል ነበር ብለዋል አሉ።»

«አንቺ መች ማግባት ፈለግሽ? 'ፈተናዬን ልፈተን፣ ደብረ ማርቆስ ልሂድ' ስትይ አልነበር?»

«ፈልጌ አይደለም» አለች ንግሥቴ። «አሁንም አልፈልግም። ግን እንዲህ ሆኖ መቅረቱና እምቢ ብዬ መቅረቴ አንድ ነው?»

ካሰች ጫማሽን አውልቂ አለቻት። በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን ክንዱ ሽንብራውን ቆጠረ። ንግሥቴ በሦስት እጥፍ በለጠች። መስታወት ውስጥ ግን የገባው ሃምሳ አለቃው ነው። ክንዱ ለጠየቀው ሁሉ፣ «ቤተ ሰቧ አልፈቀደም» እያለ መለሰ። ያልተፈቀደበትን ምክንያት ደግሞ ከተማው ራሱ ጨመረበት። ወፍጮ ቤት አንዷ ያበላሻት ሹፌር ነው አለች፤ ሌላዋ የለም መምህር ነው አለች። ካሰች ሁለቱንም ከኋላቸው ሆና ሰማች፤ እህሏን ሳታስፈጭ ይዛ ተመለሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ላቀው መጡ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በሁለቱ ቤት መሐል የተመላለሱት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን በሩ ላይ አቁመው ገቡ፤ ውሃ ተሰጣቸው፤ ጠጥተው ጢማቸውን ጠረጉ። ንግሥቴ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ካሰች እንዳለች ታውቃለች፤ አቶ ላቀውም ያውቃሉ።

«ነገሩ አልጠፋም» አሉ። «ቄሱ ሰው ናቸው። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ነው የላኩኝ። 'እናቲቱ ደንግጣም ሊሆን ይችላል' አሉ። እኔም 'ድንጋጤ ነው፣ ድሮም ፈሪ ናት' አልሁላቸው፤ ይቅርታ አድርጊልኝና።»

«ምንም አይደል።»

«እና መፍትሔው ቀላል ነው። ማክሰኞ ማንኩሳ ትመጫለሽ። ደጀ ሰላሙ ላይ ቄሱና ሁለት ሽማግሌ ይኖራሉ፤ ሌላ ሰው የለም። መስቀሉን ትይዢና 'ልጄ ድንግል እንደሆነች አውቃለሁ' ብለሽ ትምያለሽ። በቃ። የፎቶ ቤቱ ወሬ ሁሉ ከዚያ በኋላ ጤዛ ነው። ሠርጉም በቀኑ፣ የልጅቱም ስም በቦታው።»

ካሰች እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።

አቶ ላቀው የማያውቁት ነገር ነበር። ካሰች ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል ስትማር፣ የመንገድ ሥራ ጸሐፊ የነበረው ሟቹ ባሏ ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክ፣ የእሱም ወገኖች እንዲሁ መሐላ ጠይቀው ነበር። ካሰች የዚያን ጊዜ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከእሱው። ለእናቷ ለወለተ ኢየሱስ በዋዜማው ነገረቻት። እናቷ በማግሥቱ ሄዳ መስቀሉን ያዘች፤ «ልጄን አውቃታለሁ፣ ንጽሕት ናት» ብላ ማለች። ክረምት ሲገባ ጉሮሮዋ አበጠ። ውሃ እንኳ አልወርድ አላት። ወለተ ኢየሱስ ንግሥቴ ሳትወለድ ሞተች። ካሰች አሁን ጤና ጣቢያ ውስጥ በዓመት ስንት የጉሮሮ በሽተኛ ካርድ በእጇ እንደምትጽፍ ታውቃለች፤ መሐላ እንደማያመጣውም ተምራለች። ሆኖም እነዚያን ካርዶች ስትጽፍ ሁልጊዜ ብዕሯን ጫን ታደርገዋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ንግሥቴ» አለች፣ ወደ መጋረጃው ሳትዞር።

ንግሥቴ ወጣች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ለብሳለች። አቶ ላቀው ወለሉን ማየት ጀመሩ።

«ሰምተሻል» አለች ካሰች። «ልማል?»

ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ቀላ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ቃል ነዋ። መሐላ ነው። ነፍስ ያለበት ነገር ነው።»

«እናቴ ነሽ። የማይመስልሽን አትማይ። ግን…» ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንደገና አነሳችው። «ግን ማይልኝ። አላገባውም፤ ለእሳቸው ራሴ ሄጄ አላገባም እላቸዋለሁ። አንቺ ግን ሄደሽ አውቃታለሁ በይልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

አቶ ላቀው ቀና አሉ። «በይ እንግዲህ፣ ካሰች። ልጅ እንዲህ ካለች…»

ካሰች ልጇን አየቻት። ንጹሕ ናት ብሎ ልቧ ያምናል፤ ከሞላ ጎደል ያምናል። የዚያን ጊዜ ግን ለእናቷ እሷም እንዲሁ ዐይኗ ንጹሕ ነበር፤ እስከ ዋዜማው ድረስ። ንግሥቴ ዘግይታ የመጣችባቸውን ቀኖች ሁሉ ማስታወስ ጀመረች፤ ማክሰኞ፣ ያ ዝናብ የጣለ ዕለት፣ መምህሩ አቆየን ያለችበት። ጉሮሮዋን ዳሰሰች፤ እጇን ወዲያው መለሰችው።

«አልምልም በሏቸው» አለች።

አቶ ላቀው የሰሙ አልመሰላቸውም። «ምን አልሽኝ?»

«አልምልም።»

ሽማግሌው ተነሱ። ከዘራቸውን አንስተው፣ ሲወጡም ንግሥቴን በጎን አይተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፤ ለለቀስተኛ እንደሚደረገው። እርምጃቸው ከአጥሩ እስኪርቅ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«እማዬ» አለች ንግሥቴ በመጨረሻ። አልጮኸችም። «ንገሪኝ ብቻ። አልምልም ያልሽው ስለ እኔ ነው?»

እውነቱ እዚያው ምላሷ ላይ ነበር። አያትሽ፣ ብላ ብትጀምር የቀረው በራሱ ይወጣ ነበር። ግን ንግሥቴ ሒሳብ የምትችል ልጅ ናት። የእናትና አባቷን የሠርግ ቀን ታውቃለች፤ የልደቷን ቀን ታውቃለች። በመሐሉ ያሉትን ወሮች ቆጥራ እንደምትጨርስ ካሰች አየች፤ ከዚያ በኋላ የምታያትን አስተያየትም ከወዲሁ አየችው።

«አዎ» አለች። «ስለ አንቺ ነው።»